የከሰሉ ጭረት፦ ስለ ልጆች ቁመትና ስለ እድገት ሆርሞን

(ደሴ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ። የደጋገምሁትን ቀንሼ፣ በመጨረሻ የተጠየቅሁትን አክዬበታለሁ።)

እንደምን አረፈዳችሁ። ወንበር ያልደረሳችሁ በመስኮቱ በኩል አግዳሚው ላይ ተጠጋጉና ተቀመጡ። የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ከኮምቦልቻ የመጣችሁ አላችሁ፤ ቆማችሁ አትስሙኝ።

የተጠራሁት ስለ እድገት ሆርሞን መርፌ እንድናገር ነው። እናገራለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ አንድ በር ላውራችሁ።

በሩ ኮምቦልቻ ነው፤ የአንዲት አያት ቤት። እኚህ ሴት በየዓመቱ አረፋ ሲደርስ፣ የልጅ ልጆቻቸው አዲሱን ልብስ ከመልበሳቸው በፊት፣ ጫማቸውን አስወልቀው አንድ በአንድ ከበሩ መቃን ጋር ያቆሟቸዋል። ደብተር አናታቸው ላይ አስተኝተው በከሰል ይጭራሉ። የታላቁ ጭረት በግራ መቃን ነው፣ የታናሹ በቀኝ። አንድ ቀን ታናሹን ይዘውልኝ መጡ። ካርድ ክፍል "ምን ሆኖ ነው?" ሲሏቸው "ምንም አልሆነ" ብለዋል። እኔ ዘንድ ሲገቡ ግን ጠጋ አሉና፣ "ዶክተር፣ ታላቁ ከአረፋ አረፋ ሦስት ጣት ይሄድልኝ ነበር። ይሄኛው አንድ ጣት ተኩል ነው የሚሄደው። ሁለት አረፋ ታገሥሁት፤ በሦስተኛው መጣሁ" አሉኝ።

ብዙ የሪፈር ወረቀት አንብቤያለሁ። እንዲህ ጥርት ያለ ግን ጥቂት ነው የገጠመኝ። አንድ ጣት ወርዱ ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ስለዚህ አያትየዋ የነገሩኝ አንዱ ልጅ በዓመት 6 ሴንቲ ሜትር፣ ሌላው 3 ሴንቲ ሜትር እንዳደገ ነው። ልጃቸው ሜትር ከመቃኑ ጎን ይዞ ፎቶ አንሥቶ በስልክ ላከልኝ፤ እውነትም ሦስት ሦስት ሴንቲ ሜትር ነው። እርግጥ አረፋ በጨረቃ ስለሚቆጠር ዓመቱ በ11 ቀን ያጥራል። አስልቼው ነበር፤ የሚጨመረው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሴትዮዋ አልተሳሳቱም።

አሁን ቁጥሮቹን ልስጣችሁ፤ ስልካችሁ ላይ ጻፏቸው። ሕፃን ሲወለድ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 25 ያህል ይጨምራል፤ በሁለተኛው ከ10 እስከ 12፤ በሦስተኛው 8 ገደማ። ከአራት ዓመት ጀምሮ እስከ ጉርምስና ድረስ በዓመት 5 ወይም 6 ነው። በዚህ ዕድሜ በዓመት 4 ሴንቲ ሜትር ያልሞላ ልጅ ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ከእኩዮቹ ቢረዝምም ባይረዝምም። ሌላ ለማስታወስ የምትቀልል ነገር ልንገራችሁ። ልክ አምስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ አማካይ ቁመቱ 110 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የመጨረሻው ዝቅተኛ መስመር 100.7 ነው። የሴቷ ዝቅተኛ መስመር 99.9 ነው። ስለዚህ "አምስት ዓመት፣ አንድ ሜትር" ብላችሁ ያዙት።

ይሄን ስል እዚያ ጥግ ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን እኅቶች እርስ በርስ ተያዩ። ለምን እንደተያዩ ገብቶኛል። በዚህ መስመር ከሄድን ግማሹን ቀበሌ ልንልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች 37 በመቶው የቀነጨሩ ናቸው፤ በእኛ በአማራ ክልል ደግሞ 41 በመቶ። ከመቶ አርባ አንዱ ከመስመሩ በታች ነው ማለት ነው። ችግሩ ይሄው ነው፤ ዛሬ የመጣሁትም ለዚሁ ነው። በአጭሮች መካከል አጭር አይታይም። ስዊድን ውስጥ ቢሆን ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ብቻ ሲያጥር መምህሩም፣ ነርሷም፣ ጎረቤቱም ያየዋል። እዚህ ግን ሆርሞን የጎደለው ልጅ ምግብ ከጎደላቸው ልጆች መሐል ተሰልፎ ይቆማል፤ ማንም አይለየውም። የሚለየው አንድ ቀን ለክቶ ሳይሆን በተራራቁ ሁለት ቀናት ለክቶ መሐሉን በማየት ነው። አያትየዋ ያደረጉት እሱን ነው።

ሰው ሁሉ የሚያነሣት ሌላ መልስ አለች፦ "ከዘር ነው፤ አባቱም አጭር ነው።" እኛ ሐኪሞችም ቀመር አለን፤ የአባትንና የእናትን ቁመት ትደምራላችሁ፣ ለወንድ 13 ትጨምራላችሁ፣ ለሴት 13 ትቀንሳላችሁ፣ ለሁለት ታካፍላላችሁ። አባት 172፣ እናት 158 ቢሆኑ ወንዱ ልጅ ወደ 171፣ ሴቷ ወደ 158 ይደርሳሉ ተብሎ ይጠበቃል፤ ከዚያ ስምንት ሴንቲ ሜትር ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። ቀመሩ ጥሩ ነው። ግን ወሎ ላይ ስጠቀምበት እጄ ይያዛል። በ77ቱ ድርቅ ሕፃን የነበረ ሰው ዛሬ የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነው፤ የልጅ አባት ነው። የእሱ ቁመት የዘሩ ነው ወይስ የዚያ ዓመት? መቀንጨር የሚጀምረው በማኅፀን ነው፤ ሁለት ዓመት እስኪሞላ ድረስ ያለው አንድ ሺህ ቀን አብዛኛውን ይወስነዋል። በ2014 መግቢያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ በማኅፀን የነበሩ ልጆችም አሉን። ስለዚህ "ከዘር ነው" ስትሉኝ "ከየትኛው ዘመን?" ብዬ ብጠይቃችሁ አትቀየሙኝ።

እስቲ ወደ ሆርሞኑ እንግባ። አንጎላችን ሥር፣ ከዐይናችን ጀርባ፣ ሽምብራ የምታህል ዕጢ አለች፤ ፒቱታሪ ትባላለች። የእድገት ሆርሞን የሚመነጨው ከእሷ ነው። ቀኑን ሙሉ እንደ ቧንቧ አትፈስም፤ እያረፈች ብልጭ ብልጭ ትላለች። ትልቁ ብልጭታ ልጁ እንቅልፍ በያዘው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። እናቶቻችን "ልጅ ተኝቶ ነው የሚያድገው" የሚሉት ነገር ላቦራቶሪም የሚመሰክርለት ነው። ሆርሞኑ ጉበት ዘንድ ይሄዳል፣ ጉበት ሌላ መልእክተኛ ይልካል፣ ያ መልእክተኛ ሆርሞኑ ራሱም ከሚሠራበት ቦታ፣ ከአጥንት ይደርሳል፤ በአጥንቱ ጫፍ ያለው ለስላሳ ክፍል ይራባል፣ አጥንቱ ይረዝማል። ያ ለስላሳ ክፍል በጉርምስና መጨረሻ ይጠነክራል፤ ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ የዓለም ሆርሞን ሁሉ ቢወጋ አንድ ሴንቲ ሜትር አይጨምርም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። በምግብ እጥረት የቀነጨረ ልጅ ደሙ ውስጥ የእድገት ሆርሞኑ ብዙ ጊዜ አልጎደለም፤ እንዲያውም ይበዛል። የጎደለው ጉበት የሚልከው ሁለተኛው መልእክተኛ ነው። ፎርማኑ "ገንቡ! ገንቡ!" ብሎ ይጮኻል፤ ግን ሲሚንቶም ብሎኬትም የለም። እንዲህ ላለ ልጅ መርፌ መውጋት ፎርማኑን ሁለት ማድረግ ነው። የሚያስፈልገው እንቁላል፣ ወተት፣ ጥራጥሬ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ከተቅማጥ መዳን ነው። የሰቆጣ ቃል ኪዳን እ.ኤ.አ. በ2015 ሲገባ መቀንጨርን በ2030 ለማጥፋት የተባለውም በመርፌ አልነበረም። ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ "አጭር ልጅ ሁሉ መርፌ ይወጋ ተባለ" እንዳትሉብኝ።

ታዲያ መርፌው የማን ነው? ዕጢዋ ራሷ ሥራ ላቆመችበት ልጅ ነው። ይሄ ችግር ከብዙ ሺህ ልጆች አንዱ ላይ ነው የሚገኘው። አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ከሲታ አይደለም፤ ድቡልቡል ነው። ፊቱ ከዕድሜው በታች ነው፤ ሰባት ዓመቱ ሆኖ አራት ይመስላል። እጁና እግሩ ከሰውነቱ ጋር የተመጣጠነ ነው፤ አእምሮው ደህና ነው፤ ትምህርቱን ይዟል። ክፍል ውስጥ "ጩጬ" ይሉታል፣ ተሸክመው ይጫወቱበታል፣ እሱም ይስቃል። አንዳንዱ ገና ሲወለድ ምልክት ያሳያል፦ ስኳሩ ይወርድና ይንቀጠቀጣል፣ ቢጫነቱ ቶሎ አይለቅም፣ ወንድ ከሆነ ብልቱ በጣም ያንሳል። የኮምቦልቻው ልጅ አራስ ሳለ "ስኳር ወርዶበት ግሉኮስ ሰጡት" ብለውኛል አያቱ፤ ሳልጠይቃቸው አልተናገሩም ነበር።

ሌሎችም አሉ። ተወልዶ አነስተኛ የነበረና እስከ ሁለትና አራት ዓመቱ እኩዮቹን ያልደረሰ ልጅ፤ ኩላሊቱ ለረጅም ጊዜ የታመመ ልጅ፤ ፕራደር ዊሊ የሚባለው የዘረ መል ችግር ያለበት። ከሁሉም ግን ተርነር ስለሚባለው ችግር ልናገር። ይሄን የምናገረው ከራሴ ጥፋት ጋር ነው።

ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ፣ የት እንደሆነ ይቅር፣ አንዲት እናት የስምንት ዓመት ልጅ አመጣችልኝ። "ከታናሿ ጋር እኩል ሆነች" አለችኝ። ልጅቷን አየኋት፤ ትስቃለች፣ ታወራለች፣ ልቧን ሰማሁ፣ ሳንባዋን ሰማሁ። ውጪ አርባ ሰው ተሰልፏል። "አብሽሪ፣ ልጅ በዕድሉ ያድጋል፤ ጠብቂያት" አልኳት። እናትየዋ አመስግናኝ ሄደች። አሁን ሳስበው የሚያመኝ ምስጋናው ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ሌላ ቦታ ሌላ ሐኪም ጋ አገኘኋት፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጡቷ አልወጣም፤ ቁመቷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። አንገቷ በጎን ሰፋ ያለ፣ የማጅራቷ ፀጉር ዝቅ ብሎ የበቀለ፣ ክንዷን ስትዘረጋ ክርኗ ወደ ውጪ የሚያጋድል። እነዚህ ሁሉ በስምንት ዓመቷም ነበሩ። ያኔ ሻሽ አስራ ነበር፤ አውልቂው አላልኋትም።

ተርነር ሴት ልጅ ብቻ ላይ የሚገኝ ነው፤ ከሁለቱ ኤክስ ክሮሞዞም አንዱ ሲጎድል ወይም ሲበላሽ የሚመጣ፤ ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ሴቶች አንዷ ገደማ ላይ ይገኛል። ስለዚህ አዋላጆችና ነርሶች፣ ሴት ልጅን ልብ በሉ፦ ስትወለድ እጇና እግሯ ያበጠ እንደሆነ መዝግቡ። ልብና ኩላሊትም መታየት አለበት። እናት አባቷ ያመጡት ነገር አይደለም፤ የማንም ጥፋት አይደለም። በእድገት ሆርሞን ቶሎ ከተጀመረች በመጨረሻው ቁመቷ ላይ ከአምስት እስከ ስምንት ሴንቲ ሜትር ልታተርፍ ትችላለች። ስምንት ሴንቲ ሜትር ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። ባጃጅ ውስጥ አይታወቅም። የባንክ መስኮት ላይ ግን ይታወቃል።

የሕመሙ ዓይነት የሚለየው በምርመራ ነው። በደረጃ ነው የሚሄደው፤ ወላጅ ደረጃውን ቢያውቅ ገንዘቡን ይቆጥባል። መጀመሪያ ርካሹ ይሠራል። የታይሮይድ ምርመራ፣ የደም ማነስ፣ የኩላሊት፣ የሰገራና የሽንት ምርመራ። ታይሮይድ የጎደለበት ልጅ ያጥራል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ይበርደዋል፣ ያንቀላፋል፤ መድኃኒቱ በየቀኑ የምትዋጥ ርካሽ ክኒን ናት። አንድ የደሴ ልጅ ለመርፌ ተብሎ ወደ አዲስ አበባ ሊላክ ሲል በዚች ምርመራ ተይዞ፣ ክኒን ጀምሮ፣ በዓመቱ ሱሪው ሁሉ አጥሮበት መጥቷል። ከዚያ የግራ እጅ ራጅ ይነሣል፤ የአጥንት ዕድሜ ይባላል። የእጅና የአንጓ አጥንቶች በምን ያህል ዕድሜ ምን እንደሚመስሉ በመጽሐፍ ተሥሎ የተቀመጠ አለ፤ ከዚያ ጋር ይነጻጸራል። የስምንት ዓመት ልጅ አጥንቱ የአምስት ዓመት ከሆነ፣ ችግር እንዳለ ይናገራል፣ ደግሞ ጊዜ እንዳለም ይናገራል።

የመጨረሻው ምርመራ ሆርሞኑን ራሱን መለካት ነው። አንድ ጠዋት ደም ቀድቶ "ሆርሞኑ ዝቅተኛ ነው" ማለት አይቻልም፤ ቅድም እንዳልሁት ብልጭ ብልጭ ስለሚል፣ ጤነኛውም ልጅ ቀን ቀን ዝቅተኛ ነው። በዚህ አንድ ወረቀት ብቻ መርፌ ይገዛ የተባለ ወላጅ ካለ፣ ወረቀቱን ይዞ ሌላ ሐኪም ያናግር። ትክክለኛው ልጁን ጾም አሳድሮ፣ ዕጢዋን የሚያነሣሣ መድኃኒት ሰጥቶ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ደም መቅዳት ነው። ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ልጁ ያለቅሳል፤ የሕፃናት ሆርሞን ሐኪም አጠገብ መሆን አለበት። ሲረጋገጥ የአንጎል ኤምአርአይ ይነሣል፤ ዕጢዋን የሚጫን እብጠት እንዳይኖር። ራስ ምታት የሚያነቃው፣ ጠዋት ጠዋት የሚያስመልሰው፣ ማየት የቀነሰበት፣ እድገቱም ድንገት የቆመ ልጅ ካያችሁ ደግሞ ሁለት ዓመት መለካት የለም፤ የዚያኑ ቀን አምጡት።

መድኃኒቱ ከየት መጣ? ይሄን የምነግራችሁ አንዳንድ ሰው "ከሬሳ ነው የሚሠሩት" ብሎ ስለሚያስፈራራ ነው። ያ ድሮ እውነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ሞሪስ ራቤን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከሞቱ ሰዎች ፒቱታሪ ዕጢ የወጣ ሆርሞን ሰጥቶ አንድ የ17 ዓመት ልጅ እንዳደገ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ አሜሪካ ብቻ ውስጥ በአገሩ ፕሮግራም 7,700 ያህል ሰዎች እንዲህ ታከሙ። በ1985 ግን ከታከሙት ጥቂቶቹ ክሮይትስፌልት ያኮብ በሚባል አንጎልን በሚያበላሽ ገዳይ በሽታ መሞታቸው ታወቀና መድኃኒቱ ተከለከለ። በዚያው ዓመት በላቦራቶሪ፣ በባክቴሪያ ውስጥ የሰው ዘረ መል ተጨምሮ የሚመረተው ተፈቀደ። ዛሬ የሚሰጠው ይሄ ነው። የሞተ ሰው ነገር የለበትም። ከእርድም የመጣ አይደለም፤ ሐላል ይሁን አይሁን ብለው የጠየቁኝ የኮምቦልቻ አያት ይሄን ሲሰሙ ነው ልባቸው ያረፈው።

አወሳሰዱ እንዲህ ነው። ማታ ማታ፣ ከመኝታ በፊት፣ ከቆዳ ሥር። ጭን ላይ፣ ሆድ ላይ፣ መቀመጫ ላይ፤ በየቀኑ ቦታ እየቀያየሩ። መርፌዋ ጥቂት ሚሊ ሜትር ናት፤ ለስኳር ሕመምተኛ የምትሰጠዋ ዓይነት። በዓመት 365 ጊዜ፤ ለዓመታት። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ለልጆች በሳምንት አንዴ የሚወጉ ዓይነቶችም ተፈቅደዋል፤ ዋጋቸው ግን የሚቀመስ አይደለም። የዕለቱም ቢሆን ውድ ነው። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ መጠኑ የሚሰላው በኪሎ ነው። ልጁ ባደገ ቁጥር ዋጋውም አብሮ ያድጋል። ስለዚህ ለስድስት ወር ገዝቶ ማቆም ገንዘብ መድፋት ነው፤ ከመጀመራችሁ በፊት ቤተሰብ ተሰብስቦ "እስከ ስንት ዓመት እንችላለን?" ብሎ ይምከር። የኮምቦልቻው ልጅ አክስት ጅዳ ናት። ወንድሞቿ፣ እኅቶቿ ተመካክረው ነው የተጀመረው።

ከዚያ የፍሪጅ ጉዳይ አለ። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ከቀዘቀዘ ይቆያል፤ በረዶ ከሠራ ግን አበቃ፣ ይጣላል። አያትየዋ ቤት ፍሪጅ አልነበረም፤ የጎረቤት ሱቅ ነበር የሚቀመጠው፣ ከለስላሳው ጀርባ። ባለሱቁ ደግ ሰው ነው፤ ቀዝቃዛ ቦታ ልስጠው ብሎ ከፍሪዘሩ ግድግዳ ጋር አስጠጋው። በሁለተኛው ቀን ፔኑን፣ እስክሪብቶ የሚመስለውን መወጊያ፣ ስናየው የመድኃኒቱ ብርጭቆ ውስጥ በረዶ ነበር። የአንድ ወር መድኃኒት ሄደ። ማን ይወቀሳል? ለባለሱቁ የነገርነው "ቀዝቃዛ ቦታ" ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ባዶ የቅቤ ጣሳ ውስጥ አድርገን መሐለኛው መደርደሪያ ላይ፣ በሩ አጠገብ ሳይሆን፣ አስቀመጥነው፤ አነስተኛ ቴርሞ ሜትርም ጨመርንበት። መብራት ሲጠፋ የፍሪጁን በር አለመክፈት ነው። አንዳንዱ ዓይነት ከተከፈተ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ከ25 ዲግሪ በታች መቆየት ይችላል፣ አንዳንዱ አይችልም፤ ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት የሚያነብ ሰው ፈልጉ። ደሴ ላይ የሚሆነው ኮምቦልቻ ላይ ላይሆን ይችላል፤ በአንድ ሐረጎ መሐል አየሩ ይለያያል።

ጉዳትስ? አለው፤ ብዙ ግን አይደለም። ከባድ ራስ ምታት ከማስመለስ ጋር ከመጣ፣ ወይም ልጁ ማነከስና ዳሌውን ወይም ጉልበቱን አመመኝ ማለት ከጀመረ፣ መርፌውን አቁማችሁ ወደ ሐኪም ኑ። የጀርባ መጣመም ያለበት ሊብስበት ይችላል። ስኳሩም ይታያል። በየሦስት በየስድስት ወሩ ቁመት ይለካል።

የኮምቦልቻው ልጅ በመጀመሪያው የመርፌ ዓመት 10 ሴንቲ ሜትር አደገ። በአያትየዋ አቆጣጠር አምስት ጣት። ሆርሞኑ በእውነት በጎደለበት ልጅ ላይ የመጀመሪያው ዓመት እንዲህ ነው፤ ከዚያ ይረጋጋል።

የኳስ ወዳጆች ሜሲን ታነሡታላችሁ፤ እውነት ነው። አርጀንቲና፣ ሮዛሪዮ ከተማ ውስጥ ልጅ ሳለ የእድገት ሆርሞን ማነስ ተገኝቶበት በየቀኑ ይወጋ ነበር፤ በ13 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ ባርሴሎና ሲሄድ ክለቡ የሕክምናውን ወጪ ቻለ። ዛሬ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ገደማ ነው። ልብ በሉ፤ 1.70 ነው። መርፌው የሌላ ሰው ቁመት አላመጣለትም፤ የራሱን ነው የመለሰለት። ጤነኛ ሆኖ አጭር የሆነ ልጅ ለዓመታት ቢወጋ የሚያተርፈው ከሦስት እስከ ሰባት ሴንቲ ሜትር ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ለእንደዚህ ዓይነቱም ፈቅደዋል። የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁ፣ ለዚያ ብሎ መሬት መሸጥ አይገባም።

መሬት ከመሸጥ የባሰ ደግሞ አለ። ቴሌግራም ላይ "በሦስት ወር ቁመት መጨመሪያ" የሚባል ዱቄትና ክኒን። የእድገት ሆርሞን ፕሮቲን ነው፤ በአፍ ከተወሰደ ጨጓራ እንደ ሥጋ ይፈጨዋል። የሚዋጥ የእድገት ሆርሞን ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው የሚሸጠው ሌላ ነገር ነው።

ጥያቄ ስንጀምር ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት፣ "የኔ ልጅ አሥራ ሰባት ሆኖታል፤ ጢሙም ወጥቷል" አሉኝ። ጋሼ፣ የእጅ ራጅ ይነሣ፤ አጥንቱ ከተዘጋ ግን አልዋሽዎትም፣ በሩ ተዘግቷል። አንዲት መምህርት "ዕድሜውስ እውነተኛ ካልሆነ?" ስትል አዳራሹ ሳቀ። ሳቁም፤ ግን ቁልፉ እሱ ነው። ልጅ ቶሎ ትምህርት ቤት እንዲገባ ብለን አንድ ዓመት እንጨምርለታለን። እኔ ጋ ሲመጣ በጨመራችሁለት ዓመት ያህል አጭር ሆኖ ይታየኛል። ለትምህርት ቤት ያላችሁት እዚያው ይቅር፤ ለእኔ እውነተኛውን፣ ወሩን ጭምር ንገሩኝ። "መስቀል ሰሞን" ወይም "ረመዳን ሊገባ ሲል" ብትሉኝም ይበቃኛል፤ ካሌንደር አለኝ።

አንዲት ትልቅ ሰው ደግሞ፣ "እኛን ማን ለካን? አድገናል እኮ" አሉኝ። እናቴ፣ እርስዎ አድገዋል። አብረውዎት ከተወለዱት ያላደጉትን ግን ማን ቆጠረ? እሳቸው ዝም አሉ፤ እኔም ዝም አልሁ።

አሁን እንለካ። ሜትሩን መምህሮቹ ግድግዳው ላይ ለጥፈውታል፤ ወለሉ ያዘነበለ እንዳይሆን ውሃ ልክ አድርገንበታል። ጫማ ይወልቅ። ሻሽና ሂጃብ እናቶች በራሳችሁ እጅ አንሡላቸው። ተረከዝ፣ መቀመጫ፣ ትከሻ ግድግዳውን ይንካ፤ ዐይን ወደ ፊት፣ ወደ ጣሪያ አይደለም። ሁለት ዓመት ያልሞላቸውን እዚያ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተን ነው የምንለካው። ቤት ስትደግሙትም በዚሁ ሰዓት፣ ጠዋት ይሁን፤ ሰው ማታ ማታ ያጥራል።

የመጀመሪያዋ ልጅ ሹሩባ ተሠርታ ነው የመጣችው፤ አናቷ ላይ ጉብ ያለ። ፍቱት ብል ልታለቅስ ሆነ፤ ትናንት ማታ ነው የተሠራችው። እናቷን አየሁ፣ እናቷም እኔን። ደብተሩን በጉንጉኖቹ መሐል ባለው ክፍተት በጎኑ አስገብተን የራስ ቅሏን ነካን። ሦስት ጊዜ፦ 104.2፣ 104.4፣ 104.3። እናትየዋ ስልኳን አውጥታ ቀኑንና ቁጥሩን ጻፈች፤ ልጅቷ በቁሟ አንገቷን ወደ ላይ መዝዛ የተጻፈውን ለማየት ትሞክራለች።

ቀጣይ። ጫማ።